ከአያት ሳጥን የወጣ የድሮ መጽሐፍ፦ ድሬዳዋና ሐረር ላይ እንዴት ይትረፍ?

ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው። የሚደውለው ሰው ከድሬዳዋ ከዚራ ይሁን ከመጋላ ወይም ከሐረር ጀጎል፣ ነገሩ አይለወጥም። "አባታችን ዳኛ ነበሩ፤ ሳጥን ሙሉ ነጋሪት ጋዜጣ ትተውልናል።" "የአያቴ ኪታብ ነው፤ ቅጠሉ መፈርፈር ጀመረ።" "የመሥሪያ ቤታችን መጋዘን ሲጸዳ የድሮ የሕግ መጻሕፍት ተገኙ።" ከዚያ ይቀጥልና፦ "አቦ፣ አሁን ምን ላድርገው?"

ብዙ ዓመት መዝገብና መጽሐፍ ስጠርዝ ኖሬአለሁ። በእጄ ካለፉት ውስጥ ብል ካበላሸው ይልቅ "ላድነው" ብሎ የተነሳ ሰው ያበላሸው ይበዛል። አንዱ በፕላስተር ለጥፎታል። ሌላው ፀሐይ ላይ አስጥቶታል። ሌላው ቆዳው እንዲለሰልስ ብሎ ቅቤ ቀብቶታል። ስለዚህ ከታች ያሉት እርምጃዎች ቀላል ናቸው። አብዛኞቹም መጽሐፉን በመለየት፣ በመመዝገብና በመጠቅለል ላይ ያተኩራሉ። ለቤተሰብም ሆነ ለትንሽ የምክር ቤት ወይም የፍርድ ቤት ቤተ መጻሕፍት ይሠራሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ነጭ አቡጀዲ፣ ከ5 እስከ 10 ሜትር። በሙቅ ውሃ ሁለት ጊዜ እጠቡት፤ ማለስለሻ አትጨምሩ። አዲስ አቡጀዲ ላይ ያለው ማጠንከሪያ ስታርች ነው፤ ተባይ ደግሞ ስታርች ይወዳል።
- ያልተነካ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ፣ ስፋቱ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር
- አፍና አፍንጫን በደንብ የሚገጥም ማስክ (ኤን-95 የሚባለው)
- ነጭ የፎቶ ኮፒ ወረቀት፣ አንድ ደስታ
- እርሳስ (እስክሪብቶ ከጠረጴዛው ይራቅ)
- የመዝገብ ደብተር
- ዚፕ ያለው ወፍራም ላስቲክ ከረጢት
- የሙቀትና የእርጥበት መለኪያ። ትንሿ ዲጂታል ትበቃለች።
- ስልክ ከካሜራ ጋር

ጓንት ሻጋታ ስትነኩ ብቻ ያስፈልጋል። ለሌላው ሥራ የታጠበና የደረቀ እጅ ይሻላል። የጨርቅ ጓንት ጣትን ያደነዝዛል፤ የደከመ ቅጠል ሲቀደድ አይሰማችሁም።

1. ምንም ሳትነኩ ፎቶ አንሱ

ሳጥኑን እንደከፈታችሁ ከላይ ፎቶ አንሱ። አንድ ድርብ ካነሳችሁ በኋላም ድገሙት። መጻሕፍቱ የተደረደሩበት ቅደም ተከተል ራሱ መረጃ ነው። አባታችሁ የአንድ ክርክር ወረቀቶችን ከሚመለከተው ሕግ ጋር አብረው አስቀምጠው ሊሆን ይችላል። ከተበተነ በኋላ ግን ማንም አያገናኘውም።

በቅጠሎች መካከል ደብዳቤ፣ ደረሰኝ ወይም የፍርድ ቤት መጥሪያ ካገኛችሁ አታውጡ። ገጹን መዝግቡ። ወረቀቱ ከጎኑ ያለውን ገጽ እያጠቆረ ከሆነ ግን አውጡት። በነጭ ወረቀት ጠቅልላችሁ "ከዚህ መጽሐፍ ገጽ 112" ብላችሁ በእርሳስ ጻፉበትና ከመጽሐፉ ጋር አኑሩት።

2. የሥራ ቦታ አዘጋጁ

ከመስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው ጠረጴዛ ፈልጉ። ንጹሕ አንሶላ አንጥፉበት። ቡና፣ ጫትና ሲጋራ ወደዚያ አይቅረቡ። ማራገቢያውን አጥፉ፤ የተፈረፈረ ቁራጭ ይበትናል።

የሃይማኖት መጻሕፍት ካሉ ሥርዓታቸውን ጠብቁ። ሙስሐፍ (የቁርኣን መጽሐፍ) ወለል ላይ አይቀመጥም። ሌላ መጽሐፍም ከላዩ አይጫንበትም። የሚነካውም ሰው ውዱእ ያድርግ። የግዕዝ ብራና ከሆነ ደግሞ የምታምኑትን ካህን ጥሩ። ይህን የምለው ለአክብሮት ብቻ አይደለም። መጽሐፉን አንብቦ ምን እንደሆነ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ኪታብም ከሆነ ዐረብኛ የሚያነቡ ሸኽ ወይም ኡስታዝ አጠገባችሁ ይኑሩ። ሐረር ላይ የሚገኙ ብዙ የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ኪታቦች የሻፊዒ መዝሀብ፣ ማለትም የሻፊዒ የሕግ ትምህርት ቤት ናቸው። አዋቂ ሰው የመጀመሪያውን ገጽ አይቶ የሕግ፣ የጸሎት ወይም የሰዋስው መሆኑን ይለያል።

3. በአራት ክፈሉ

ሁሉንም አንድ ላይ መጀመር ትልቁ ስሕተት ነው። የታመመው ጤነኛውን ይበክላል።

- ደረቅና ጤነኛ
- ተባይ ያለበት
- ሻጋታ ያለበት
- እርጥብ

እርጥብ ካለ ይህን ሁሉ ትታችሁ መጨረሻ አካባቢ ወዳለው "እርጥብ መጽሐፍ" ወደሚለው ክፍል ሂዱ። ያኛው ሰዓት አይሰጥም።

ተባዩ አሁንም በሕይወት መኖሩን ለማወቅ መጽሐፉን በነጭ ወረቀት ላይ አቁማችሁ አሳድሩት። ጠዋት ከሥሩ እንደ ዱቄት የደቀቀ ነገር ካያችሁ ተባዩ እየበላ ነው። ቀዳዳ ብቻ ሆኖ ዱቄት ከሌለ ጉዳቱ የድሮ ሊሆን ይችላል። ለማረጋገጥ ለሦስት ሌሊት ድገሙት።

የምስጥ ምልክት ሌላ ነው። በግድግዳ ወይም በሳጥኑ ሥር የጭቃ መስመር ታያላችሁ። ያንን ካያችሁ ችግሩ ያለው ቤቱ ውስጥ ነው። መጻሕፍቱን ከክፍሉ አውጡ፤ መርጨቱን ለባለሙያ ተዉት።

4. ተባይን በቅዝቃዜ ግደሉ

ለወረቀት መጽሐፍ ከመርዝ የተሻለው መንገድ ይህ ነው። ፍሊት ወረቀቱን ያቆሽሻል፤ ለሚያነበውም ሰው ይተርፋል። ናፍታሊን ሽታው ለዓመታት አይለቅም። የዕጣንና የእንጨት ጭስ ደግሞ ጥላሸት ትቶ ከመሄድ በቀር እንቁላሉን አይገድልም።

መጽሐፉን በአቡጀዲ ጠቅልሉት። ከረጢቱ ውስጥ ከትታችሁ አየሩን አስወጡና ዝጉት። ቢያንስ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ ለሁለት ሳምንት ይቆይ። መብራት ጠፍቶ ፍሪዘሩ ከቀለጠ ቆጠራውን ከአንድ ጀምሩ። ግማሽ ቅዝቃዜ ተባዩን ያደነዝዘዋል እንጂ አይገድለውም።

ካወጣችሁ በኋላ ከረጢቱን ለ24 ሰዓት አትክፈቱ። በድሬዳዋ ሙቀት ወዲያው ከከፈታችሁት የአየሩ እርጥበት ቅጠሉ ላይ ውሃ ይሆናል። እንደተዘጋ ከቆየ ውሃው ከረጢቱ ውጭ ላይ ብቻ ይቀራል።

ማስጠንቀቂያ፦ ብራናና የድሮ ቆዳ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ቤት ውስጥ ፍሪዘር አይግባ። ለብቻው አግልሉትና ባለሙያ ይየው።

5. ሻጋታን አድርቁት፣ ከዚያ ጥረጉት

እርጥብ ሻጋታ ሲጠረግ ይቀባል። መጀመሪያ ጥላ ውስጥ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይድረቅ። ደርቆ ዱቄት ሲሆን ውጭ ውሰዱት። ነፋሱ ከኋላችሁ ይምጣ። ማስክና ጓንት አድርጉ፤ በብሩሽ ቀስ ብላችሁ አራግፉት። አስም ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር አይቅረቡ። በረኪና፣ አልኮልና እርጥብ ጨርቅ አትንኩ። ነጠብጣቡ ይቀራል፤ ይቅር። ዋናው ነገር ማደጉን ማቆሙ ነው።

6. አቧራውን አራግፉ

መጽሐፉን እንደተዘጋ በአንድ እጅ ጨምቃችሁ ያዙት። መጀመሪያ የላይኛውን ጠርዝ፣ ከጀርባው ወደ ፊት አቅጣጫ ጥረጉ። ከተከፈተ መጽሐፍ ብትጀምሩ አቧራው ወደ መሀል ስፌት ይገባል፤ እንደ አሸዋ ሆኖ ክሩን ይቆርጣል። ከዚያ ሽፋኑን፣ በመጨረሻም ዕድል ከሰጣችሁ እያንዳንዱን ቅጠል።

መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ሙሉ በሙሉ አትዘርጉት። በሁለቱም ሽፋን ሥር የተጠቀለለ ጨርቅ አድርጉና ከ90 እስከ 120 ዲግሪ ድረስ ብቻ ክፈቱት።

7. የሚነቀለውን ንቀሉ

የዛገ ስፒል፣ የወረቀት መያዣና የማሰሪያ ላስቲክ ይውጣ። ላስቲክ በድሬዳዋ ሙቀት ቀልጦ ወረቀት ላይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ስፒሉ ከዛገ አትሳቡት። በሁለቱም በኩል ወፍራም ወረቀት ከሥሩ አስገቡና በጥፍር ሳይሆን በቀጭን ማንኪያ ጫፍ ክንፎቹን አቅኑ።

የድሮ ጥራዝ፣ ክርና የቆዳ ድጉስ አይነቀልም። የተላቀቀ ቢሆንም እንዳለ ይቀመጥ። የታሰረበት መንገድ መጽሐፉ የት እንደተሠራ ለሚያጠና ሰው ይናገራል። ከማኅደሩ ጋር የመጣ ከሆነም ማኅደሩን አትጣሉ።

8. መዝግቡ

ሰው ሁሉ ይህን ይዘለዋል። እኔ ግን ጊዜ ካጠረባችሁ ሌላውን ዝለሉ፣ ይህን አትዝለሉ እላለሁ። ያልተመዘገበ መጽሐፍ ቢጠፋ መጥፋቱም አይታወቅም።

ለእያንዳንዱ ተራ ቁጥር፣ ርእስ፣ ቋንቋ፣ ዓመት፣ የገጽ ብዛት፣ መጠን፣ ጉዳትና በውስጡ ያለ ጽሑፍ ወይም ማኅተም ይመዝገብ። ተራ ቁጥሩን በመጽሐፉ ላይ በእርሳስ፣ በኋላኛው ሽፋን ውስጥ፣ ጥግ ላይ ጻፉ። ብራና ላይ ግን ምንም አትጻፉ። ቁጥሩን በወረቀት ቁራጭ አድርጋችሁ ውስጡ አኑሩ።

ዓመት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሦስት ነገር አስተውሉ።

አንደኛ፣ ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ጀምሮ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ታትሟል። በአማርኛው ዓምድ ያለው ዓመት የእኛ ነው፤ በእንግሊዝኛው ያለው የፈረንጅ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንዱ 1952 ብሎ፣ ሌላው 1960 ብሎ ሲመዘግበው ሁለት የተለያየ መጽሐፍ ይመስላል። የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉም እንዲሁ 1949 እና 1957 ነው። ሁለቱንም ጻፉ፤ ከጎኑም "ዓ.ም." ወይም "እ.ኤ.አ." በሉ። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 እንደሆነ አትርሱ።

ሁለተኛ፣ የአዋጅ ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ቁጥሩ መንግሥት ሲለወጥ ከአንድ ተጀምሯል። የ1934 "አዋጅ ቁጥር 1" ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው ነው። የ1967 "አዋጅ ቁጥር 1" የደርግ ነው። የ1987 "አዋጅ ቁጥር 1" ደግሞ የኢፌዲሪ ሕገ መንግሥት በሥራ ላይ መዋሉን ያወጀው ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሦስቱን ዘመን በቁጥር ብቻ አደባልቀው ደርድረውት አግኝቻለሁ። መልሶ ለመለየት ሳምንታት ፈጀብን። ስለዚህ ቁጥር፣ ከዚያ ዓመት፣ ከዚያ የጋዜጣው "ኛ ዓመት" እና እትም ቁጥር። የጎደለ እትም ካለ ቦታውን ባዶ ወረቀት አስገብታችሁ "ቁጥር 7 የለም" ብላችሁ ጻፉ። ሌላ ቤተሰብ ሳጥን ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

ሦስተኛ፣ በእጅ የተጻፉ መጻሕፍት ዓመታቸውን ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ይነግራሉ። ኪታብ ከሆነ የጸሐፊው ስምና የሂጅራ ዓመት መጨረሻው ገጽ ላይ ይፈለጋል። እንዳለ ቅዱት፤ ወደ እኛ አቆጣጠር መለወጡን ለሚያውቅ ተዉት። የግዕዝ መጽሐፍ ከሆነ ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ በሚቆጠረው በዓመተ ዓለም ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ 7400 ቢል 5500 ቀንሱ፤ 1900 ዓመተ ምሕረት ይሆናል። "ፍትሐ ነገሥት" ያለበት ሁሉ ግን የድሮ ብራና አይደለም። በማተሚያ ቤት የታተመውም ብዙ ነው። ሁሉም ፊደል እኩልና ቀለሙ አንድ ወጥ ከሆነ የታተመ ነው። በእጅ በተጻፈው ላይ የመስመር ማስመሪያ ጭረትና በጠርዙ የወስፌ ነቁጥ ታያላችሁ።

በኅዳጉ ላይ በእጅ የተጻፈ ነገር ካለ አትደምስሱ። ዳኛው አንቀጹን እንዴት እንደተረዳው፣ ርስቱ ለማን እንደተሸጠ፣ ልጅ መቼ እንደተወለደ እዚያ ይገኛል።

9. ጠቅልሉ

ቅጠሉ የላላ መጽሐፍ ማስቲሽ አያስፈልገውም። ከአቡጀዲው 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ረጃጅም ቁራጮች ቅደዱ። በመስቀል መልክ እሰሩት፤ ቋጠሮው በሚከፈተው ጠርዝ በኩል ይሁን። ሽፋኑ ላይ ከሆነ አሻራ ይተዋል።

ከዚያ በነጭ ወረቀት፣ ቀጥሎም በአቡጀዲ ጠቅልሉት። የፎቶ ኮፒ ወረቀት የመረጥኩት አብዛኛው ዛሬ የሚሸጠው አሲድ ስለሌለበት ነው። የጋዜጣ ወረቀትና ቡናማ ካርቶን አሲድ አላቸው፤ የነኩትን ያጠቁራሉ። ፌስታልም ለቋሚ ማስቀመጫ አይሆንም። እርጥበት ሲገባበት ያፍናል።

የቆዳ ሽፋኑ እጅ ላይ ቀይ ዱቄት የሚተው ከሆነ ቆዳው በስብሷል። ቅቤ፣ ቫዝሊን፣ የጫማ ቀለም አይመልሰውም። ቅባት ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ይገባል፤ ተባይም ይጠራል። ጠቅልሉት፣ ተዉት።

10. ቦታ ስጡት

ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ደረቅና ሞቃት። ቆዳ ይሰነጠቃል፣ ብራና ይጠቀለላል፣ ከተፈጨ እንጨት የተሠራ ወረቀት ቶሎ ይሰባበራል። ሐረር በ1,900 ሜትር ገደማ ላይ ቀዝቀዝ ትላለች። ጠላቷ የክረምት እርጥበት ነው። ስለዚህ አንድ ምክር ለሁለቱም አይሠራም።

ለሁለቱም የሚሠራው ይህ ነው። መደርደሪያው ከወለል 15 ሳንቲ ሜትር፣ ከግድግዳ 10 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ምስጥ በግድግዳ ስለሚወጣ ክፍተቱን ስታዩት መስመሩን ቀድማችሁ ታገኙታላችሁ። የመለኪያውን ቁጥር በሳምንት አንዴ ጻፉ። እርጥበቱ ከ40 እስከ 50 ከመቶ ቢሆን ደግ ነው። ከ65 በላይ ከቆየ ሻጋታ ይመጣል። ከሁሉ በላይ የሚጎዳው በአንድ ቀን ከፍ ዝቅ ማለቱ ነው።

ድሬዳዋ ላይ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ አጠገብ አታስቀምጡ። የቤቱ መካከለኛ ክፍል ይሻላል። በደቻቱ ወንዝ አቅራቢያ የምትኖሩ ደግሞ ወለል ላይ ምንም አትተዉ። የ1998ቱን የክረምት ጎርፍ ያየ ሰው ይህን አይጠይቅም። ሐረር ላይ በግንቡ ግድግዳ ውስጥ ያሉት የመጽሐፍ ቦታዎች ቆንጆ ናቸው። ነገር ግን ከክረምት በፊት በእጅ ዳስሱ። ግድግዳው ከቀዘቀዘና ከረጠበ እስከ መስከረም ድረስ መጽሐፉ ይውጣ።

ትልልቅ የነጋሪት ጋዜጣ ጥራዞች ጋደም ብለው፣ ከሦስት በላይ ሳይደራረቡ ይቀመጡ። ብራና ከባድ ነገር አይጫንበት፣ በካውያም አይተኮስ።

11. ፎቶ አንሱ

የሚፈለገው ገጽ በተፈለገ ቁጥር መጽሐፉ አይከፈት። በመስኮት ጥላ ብርሃን፣ ፍላሽ ጠፍቶ፣ ስልኩ ከገጹ ጋር ትይዩ ሆኖ። ከመጀመሪያው ገጽ ጎን ማስመሪያ አድርጉ፤ መጠኑ ይታወቃል። የፎቶውን ስም ከመዝገብ ቁጥሩ ጋር አንድ አድርጉት። በሁለት ቦታ አስቀምጡ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይሁን።

እርጥብ መጽሐፍ

ሻጋታ በ48 ሰዓት ውስጥ ሊጀምር ይችላል። በጣም ርሶ ዝግ ከሆነ አትክፈቱት፤ ጭቃ ካለበትም አትሹት። ትንሽ ከራሰ አቁሙት፣ ቅጠሎቹን በጥቂቱ ዘርዘር አድርጉ፣ ማራገቢያ በቀጥታ ሳይነካው አየሩን ያንቀሳቅስ። በየ20 ገጹ ነጭ ወረቀት አስገቡና በየጥቂት ሰዓቱ ለውጡ። በጣም ከራሰ ወይም ብዙ ከሆነ ከረጢት ውስጥ ከትታችሁ ፍሪዘር አስገቡ። በኋላ አንድ በአንድ ታደርቃላችሁ። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ያለው መጽሐፍ ከደረቀ ይጣበቃል፤ እሱን ቀድማችሁ ፍሪዘር አስገቡ። እርጥብ ብራና ግን ከፀሐይም ከፍሪዘርም ይራቅ። በጨርቅ መካከል በጥላ ይድረቅና ወዲያው ባለሙያ ጥሩ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስሕተቶች

- ፀሐይ ላይ ማስጣት። ቀለሙ ይሄዳል፣ ወረቀቱ ይሰባበራል፣ ሽፋኑ ይጣመማል።
- በፕላስተር መለጠፍ። ከዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ይላቀቃል፤ ማጣበቂያው ግን ወረቀቱ ውስጥ ይቀራል።
- ላሚኔት ማድረግ። ሙቀቱ የድሮ ወረቀትን ይጎዳል፤ መመለሻም የለውም።
- ማኅተም ያለበትን ገጽ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ። ሐምራዊው ቀለም ወዲያው ይፈሳል።
- የተበጣጠሰ የሙስሐፍ ቅጠል ቆሻሻ ላይ መጣል። ሰብስባችሁ ለመስጂዱ ስጡ።
- "አንድ ዓይነት ነው" ብሎ ሁለተኛውን ቅጂ መጣል። የኅዳግ ጽሑፉ የተለያየ ሊሆን ይችላል።

ለባለሙያ ማሳየት ሲያስፈልግ

ብራና፣ በእጅ የተጻፈ ኪታብ፣ የሚፈርስ ቆዳ ካላችሁ ጠቅልላችሁ ጠይቁ። ሐረር ጀጎል ውስጥ በአብዱላሂ ሸሪፍ የተቋቋመው ሙዚየም የድሮ ጽሑፎችን በመጠገንና በመጠረዝ ይታወቃል። በመንግሥት በኩል የከተማው ወይም የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ አለ፤ አዲስ አበባ ደግሞ የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት። ስትሄዱ መጽሐፉን ሳይሆን መዝገቡንና ፎቶውን ይዛችሁ ሂዱ። ባጃጅ ላይ ተንገላትቶ የሚደርስ ብራና ከነበረበት ይብሳል።

ደጃችሁ መጥቶ "ልግዛው" የሚል ካለ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ን አስታውሱ። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ስለ ዋጋ ከማውራታችሁ በፊት ቢሮውን ጠይቁ፤ መጽሐፉም እስከዚያ ከቤታችሁ አይውጣ።